በአንድ በር ላይ ሦስት መጥሪያ

ሚኒባሱ ከቄራ ሲነሣ ወይዘሮ የሺሃረግ ገና አልተቀመጡም ነበር። ረዳቱ ይያዙ ቢላቸው የያዙት የወንበሩን ብረት ሳይሆን ከነጠላቸው ሥር የሸጎጡትን ቢጫ ክላሰር ነው፤ እሱን እንዳቀፉ የኋላ ወንበር ላይ በሁለት ሰው መካከል ዘፍ አሉ። ጉልበታቸው ከብረት ተጋጭቷል፤ ልብ አላሉትም።

"ሾፌሩን ፍጠን በልልኝ የኔ ልጅ፤ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ፍርድ ቤት መድረስ አለብኝ።"

"እኛማ ፈጣን ነን እማማ፣ መንገዱ ነው እንጂ። ስታዲየም ካወረድንዎት ወዲያ በእግር ይቀድሙናል" አለ ረዳቱ። ሰዉ ሳቀ። እሳቸው መነጽራቸውን አውጥተው ክላሰሩን ጭናቸው ላይ ከፈቱ። ቤት ውስጥ ሁለት ጊዜ አይተውታል፤ ግን ያዩትን ማመን አቅቷቸው ደግመው ማየት ፈለጉ።

የካቲት ነበር፣ ዓመቱም ሁለት ሺህ አሥራ ሰባት፤ ካዛንቺስ ፈርሳ ሰዎቿ በየማዕዘኑ የተበተኑበት ዓመት። አንዱ ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ደረሰው፣ አንዱ ዘመድ ጋ ተጠጋ። ወይዘሮ የሺሃረግም ተወልደው ካረጁበት ግቢ ወጥተው፣ እናቷ ከሞተችበት ቀን ጀምሮ ካሳደጓት የልጅ ልጃቸው ከፀሎት ጋር ቄራ ሁለት ክፍል ተከራዩ። ስድሳ ስድስት ዓመታቸው ነው። ደም ግፊት አለባቸው። እንቅልፍም የላቸውም፤ ፀሎት በር ዘግታ እስክትገባ የሚሰሙት የመኪና ጥሩምባ ሁሉ እሷን የገጨ ይመስላቸዋል።

በዚያ ዘመን በከተማው ሦስት ትልልቅ የታክሲ ጥሪ ድርጅቶች ነበሩ፦ ሰጎን፣ ፌርማታና ዘንባባ። እርስ በርሳቸው ዓይንና ናጫ ነበሩ። ፌርማታ በአደባባይ ሰሌዳ "ሰጎን ክንፍ አላት እንጂ አትበርም" ብሎ ሲያስነግር፣ ሰጎን በማግስቱ "ፌርማታ ላይ ቆመው አይቅሩ" ብሎ መለሰ። ዘንባባ ደግሞ የሁለቱንም ሹፌሮች አዲስ ስልክ እየሸለመ ያስኮበልል ነበር። ከተማው በጠባቸው ይዝናና ነበር።

ፀሎት ሰጎን ቤት ሁለት ዓመት ሠርታ ወጣችና ከሦስት ጓደኞቿ ጋር ላንቻ አንዲት ክፍል ይዛ "አጃቢ" የተባለ መተግበሪያ ሠራች። ምን እንደሆነ ለወይዘሮ የሺሃረግ የገባቸው በአንድ ሹፌር አፍ ነው። ሦስቱም ድርጅቶች ለአንድ ጉዞ ምን ያህል እንደሚቆርጡበት አጃቢ ጎን ለጎን አስቀምጣ ታሳየዋለች፤ እሱም የሚሻለውን መርጦ ይሄዳል። የልጅ ልጅዎ ዓይናችንን ገለጠችልን ብሎ መረቃቸው። ሹፌሩ እየመረቀ እሳቸው፣ የሰው ዓይን የሚገልጥ ሰው ራሱ ዓይን ውስጥ ይገባል ብለው ነበር ያኔ፣ ለራሳቸው።

ዛሬ ጠዋት ፀሎት በአንድ ሰዓት ወጣች። ትንሽ የፈቃድ ጉዳይ አለብኝ፣ አንቺ ዕረፊ ብላቸው ነበር። የግፊት መድኃኒታቸውን ሲፈልጉ ከቁም ሣጥኑ ጀርባ ይህን ክላሰር አገኙ። ስምንተኛ ክፍል ድረስ የተማሩ ናቸውና እያዘገሙ አነበቡት። የፈቃድ ጉዳይ አልነበረም። ሰጎን፣ ፌርማታና ዘንባባ፣ ሦስቱም በአንድ ሳምንት፣ ምሥጢራችንን ሰርቃለች ብለው ፀሎትን በስሟ ከሰዋታል። መጥሪያው ደርሷት አልቀረበችም ተብሎ ነገሩ በሌለችበት ታይቷል። ኮምፒውተሯንና አጃቢን ለከሳሾቹ እንድታስረክብ፣ ዳግመኛም እንዲህ ያለ ሥራ እንዳትሠራ ተወስኗል። እሷ ይህን ያወቀችው ውሳኔው ላንቻ ቢሯ ድረስ ሲመጣ ነው። ጠበቃዋ መጥሪያ አልደረሳትም፣ መዝገቡ እንደገና ተከፍቶ መልስ ትስጥ ብሎ አመልክቷል፤ ዛሬ የሚወሰነው ያ ነው። ከተፈቀደላት ትሟገታለች። ካልተፈቀደላት አለቀ።

ወይዘሮ የሺሃረግን ከቤት ያስሮጣቸው ግን ከማስረጃው ጋር የተያያዘ አንድ ፎቶ ነበር። መጥሪያ አድራሹ መስከረም ላይ ለጥፌያለሁ ብሎ ያነሣው ነው። አረንጓዴ የቆርቆሮ በር፣ በላዩ ሦስት ወረቀት ጎን ለጎን፣ ከወረቀቶቹ በላይ 417 የሚል ቁጥር፤ ከሥር የተንጠለጠለ ትልቅ የናስ ጓጉንቸር።

ጓጉንቸሩ የሳቸው ነው።

የፀሎት ቤት ግን አልነበረም፤ የማንም ቤት አልነበረም። የእድሩ ዕቃ ቤት ነው። ድንኳኑ፣ አግዳሚው፣ ድስቱና የሳህኑ ቁልል የሚቀመጥበት፤ ቁልፉም አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ በወይዘሮ የሺሃረግ አንገት ላይ የከረመ። ፀሎት የኖረችው ከግቢው ማዶ፣ ቁጥር 386 ነው። መታወቂያዋም ላይ እንደዚያ ይላል፤ የንግድ ፈቃዷ ላይ ደግሞ ላንቻ ነው ያለው። 417 ፀሎት ከምትባል ሰው ጋር የተጻፈበት ወረቀት በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነው። እሱንም ያጻፉት ራሳቸው ናቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ፀሎት ሰጎን ስትቀጠር ተያዥ አምጪ ተባለች፤ አጎቷ ተያዘላት። ድርጅቱ ግን የምትኖርበትንም ቤት አይቶ የሚመዘግብ ደጋጋ የሚባል ሰው ላከ። ጨዋ ሰው ነው፤ ከወገቡ ጎንበስ ብሎ ነው ሰላም ያላቸው። ከዚያ ጥቁር ደብተር አወጣና ልጅቷ የምትኖረው ስንት ቁጥር ነው አላቸው።

ደብተሩን ሲያዩ ሌላ ደብተር ታወሳቸው። በሰባ ዓመተ ምሕረት የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳሉ እንዲሁ ደብተር የያዘ፣ እንዲሁ ጨዋ የሆነ የቀበሌ ሰው መጥቶ ወንድምሽ ዘለቀ የሚያድረው የት ነው ብሏቸው ነበር። እውነቱን ነገሩት፤ ቤት ቁጥሩን ሳይቀር። አመስግኗቸው ሄደ። ዘለቀ አልተመለሰም፤ ሬሳውም። ከዚያ ወዲህ ለባለ ደብተር እውነተኛ ቁጥር ላይሰጡ ከራሳቸው ጋር ተማማሉ። ሕዝብ ቆጣሪ ቢመጣ፣ ሻጭ ቢመጣ፣ የሰው ቤት ጠያቂ ቢመጣ፣ ጣታቸው የሚያመለክተው ወደ እድሩ በር ነበር። ደጋጋንም ወስደው አቆሙት። ይህችው ናት፣ ልጅቷ ቆልፋ ሄዳለች አሉት። ሰውየው ጻፈ፣ እግዜር ይስጥልኝ ብሎ ሄደ። ፀሎት ቅጹን ሳታነብ ፈረመች። እሳቸውም ትስቅብኛለች ብለው አልነገሯትም፤ ልጅቷን ከአንድ ክፉ ነገር ያዳኗት መስሏቸው ግን ሳምንቱን ሙሉ ደስ ሲላቸው ከረመ።

አሁን በሚኒባሱ ውስጥ ጣታቸውን በሦስቱ ክሶች ላይ እያስኬዱ ሲያዩ፣ ሦስቱም 417 ብለዋል። ሰጎን ይበል፤ ደጋጋ አለለት። ፌርማታ ከየት አመጣው? ዘንባባስ? በአደባባይ የሚሰዳደቡት ሰዎች በጓሮ አንድ ወረቀት ሲቀባበሉ ነበር ማለት ነው። በአንድ ጠዋት፣ በአንድ ሰው እጅ፣ ሊፈርስ ምልክት በተቀባ በር ላይ ሦስት መጥሪያ አስለጥፈዋል፤ ላንቻ ቢሮዋ ከነሰሌዳው እያለ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ሲባል ነው የሰሙት። አንበሶቹ አብረው ሸረሪቷን ሲያስሩ ምን እንደሚባል ማንም አላስተማራቸውም።

ስታዲየም ሲደርሱ ሚኒባሱ ሳይቆም እግራቸውን አወረዱ። ረዳቱ ከኋላቸው ጮኸ። የትያትርና የሎተሪ ትኬት ሻጮቹን፣ የካልሲ ነጋዴዎቹን እየገፉ ሲሄዱ የሚያስቡት አንድ ነገር ነው፤ ማስረጃው በእጄ ነው፣ ልጄ ተረፈች።

የችሎቱን በር ሲከፍቱ መዝገቡ ተጠርቶ ነበር። ፀሎት ከፊት፣ አጠገቧ ጠበቃዋ ሊካሳ፤ ረጅም፣ ገና ወጣት፣ ካባው ትከሻው ላይ የተበደረው የሚመስል። በሌላው ወገን የሦስቱ ድርጅቶች ጠበቆች በአንድ አግዳሚ ተቀምጠዋል። መካከለኛዋ እጸገነት የምትባለው የሰጎን ጠበቃ ናት፤ ከጎኗ ያለው የዘንባባው ጠበቃ ስልኩን የሚሞላው በእሷ ገመድ ነበር። ወይዘሮ የሺሃረግ ያንን ገመድ ሲያዩ እውነትም ብለው ነበር በልባቸው።

ፀሎት ዞራ ስታያቸው ፊቷ ዐመድ መሰለ። እሳቸው ግን ቀጥ ብለው ወደ ሊካሳ ጆሮ ጎንበስ አሉ።

"ይሄ ቁጥር ለአንድ የሰጎን ሰው ብቻ የተሰጠ ነው። ስሙን አውቀዋለሁ። ሌሎቹ ከሱ ካልወሰዱ ከየትም አያገኙትም። አስመስክረኝ።"

ማን እንደሰጠው አልነገሩትም። አፍረው ነው። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ ከፀሎት አጠገብ፣ እኔ ዋሽቼ ለማለት ምላሳቸው አልታዘዘም፤ እሱ ጥቃቅን ነገር ነው፣ በኋላ ይደረስበታል አሉ። ሊካሳም አልጠየቀም። ዓይኑ በራ፤ ዳኛው ሰዓታቸውን እያዩ ነበር። ተነሥቶ፣ ሦስቱ ከሳሾች ተመካክረው ተከሳሿ በማትገኝበት በር ላይ መጥሪያ እንዳስለጠፉ የሚያስረዳ ምስክር አሁን ደርሶኛል፣ ክቡር ፍርድ ቤቱ ይፍቀድልኝ አለ። ዳኛው ጥቂት አሰቡና ፈቀዱ።

ወይዘሮ የሺሃረግ እጃቸውን አንሥተው እውነት ሊናገሩ ማሉ። ሊካሳ ሲጠይቃቸው አንዱንም አልሳቱም፦ በሩ የእድር ዕቃ ቤት እንደሆነ፣ ፀሎት አንድም ሌሊት እዚያ እንዳላደረች፣ ቁጥሩ ደጋጋ ከሚባል የሰጎን ሰው ደብተር በቀር የትም እንዳልተጻፈ። ድምፃቸው እየጠነከረ ሄደ። በእድር ስብሰባ የማይከፍለውን ሰው ስም ሲጠሩ እንደዚያ ነበር የሚናገሩት። ከኋላ የተቀመጡት የፀሎት ጓደኞች ተያዩ፤ አንዷ የሌላዋን እጅ ጨበጠች። ፀሎት ብቻ ናት አንገቷን ያላቀናችው፤ ቁጥሩን ለደጋጋ ማን እንደነገረው እያሰላች ነበር።

እጸገነት ተነሣች። ድምፅዋ ለስላሳ ነው።

"እማማ፣ ጉልበትዎን ያመመዎት ይመስላል። ፍርድ ቤቱ ከፈቀደ ተቀምጠው ይመልሱልኝ።"

ዳኛው በእጃቸው አመለከቱ፤ ተቀመጡ። ልጅቷ ደግ ናት አሉ በልባቸው።

"ለአቶ ደጋጋ ቁጥሩን የነገረው ማነው?"

ሊካሳ ቀና ሲል አዩት። ያን ጊዜ ነው ያልነገሩት ግማሽ ምን እንደነበር የገባቸው፤ ምለዋል ደግሞ።

"እኔ።"

"የማን መኖሪያ ነው ብለው?"

"የፀሎት።"

እጸገነት አንዲት ወረቀት ከፍ አድርጋ አሳየች፤ ቅጹ ነው፣ የፀሎት ፊርማ ከሥሩ አለበት። ከዚያ የመጨረሻውን ጠየቀቻቸው፤ መስከረም ላይ የዚያ በር ቁልፍ ማን ዘንድ ነበር?

"እኔ ዘንድ።"

"ወረቀቶቹን ታዲያ አላዩአቸውም?"

አይተዋቸዋል። ያን ሰሞን የካዛንቺስ በር ሁሉ ወረቀት ለብሶ፣ ቀይ ቀለም ተቀብቶ ነበር፤ ይነሣ፣ ይፈርሳል፣ እስከዚህ ቀን ልቀቁ የማይል በር አልነበረም። መነጽር አውጥቶ የማፍረሻ ወረቀት የሚያነብ ማን አለ? የእድሩን ዕቃ ለአባላት ሲያከፋፍሉ በሩን ራሳቸው አስነቅለው ለቆራሌው ሰጡት፤ ከነወረቀቱ። ይህን ሁሉ ሊናገሩ ፈለጉ። የወጣቸው ግን "አይቻለሁ፤ አላነበብኩም" የሚል ብቻ ነው።

እጸገነት ወደ ዳኛው ዞረች። "ጨርሻለሁ፣ ክቡር ፍርድ ቤት። ፌርማታና ዘንባባ አድራሻውን ያገኙት ከኛ እንደሆነ አንክድም። ጉዳያችን ከአንዲት ሰው ጋር ስለሆነ ጠበቆቹ ተነጋግረናል፤ የሚከለክል ሕግ የለም።"

"እንስማማለን" አለ የፌርማታው ጠበቃ። የዘንባባውም ስልኩን ከገመዱ ነቅሎ ራሱን ነቅንቆ ተስማማ።

ከቄራ እስከዚህ በነጠላ ሸፍነው ያመጡት ምሥጢር ይህ ነበር። ሴትዮዋ እንደ መሐረብ አውጥታ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው፤ ማንም አልደነገጠም።

ሊካሳ ተነሥቶ ብዙ ተናገረ፤ ላንቻ ስላለው ቢሮ፣ ሊፈርስ ስለተቃረበ በር፣ ስለ ቅን ልቦና። ዳኛው ሰሙት፤ እንዲያውም በመካከሉ ብዕራቸውን አስቀምጠው ወይዘሮ የሺሃረግን ለረጅም ጊዜ ተመለከቷቸው። ከዚያ ቃላቸውን ለጸሐፊዋ አስጻፉ። ነጋዴዎች ተመሳጥረው እንደሆነ የሚመረምር ሌላ አካል አለ፤ እዚህ የሚታየው መጥሪያው በአግባቡ ደርሷል ወይስ አልደረሰም የሚል ብቻ ነው። መጥሪያው የአመልካቿ ቤተሰብ መኖሪያዋ ነው ብሎ ባሳየው፣ እሷም በፈረመችበት፣ ቁልፉም በአያቷ እጅ በነበረ በር ላይ ተለጥፏል። ማመልከቻው ውድቅ ሆኗል። የቀድሞው ውሳኔ ይፈጸም።

ተነሡ ተባለ፤ ሁሉም ተነሣ። ወይዘሮ የሺሃረግን ፀሎት ደግፋ አስነሣቻቸው።

ኮሪደሩ ላይ ሊካሳ ይግባኝ አለ፣ ማለቴ አሁንም በር አለ፣ እያለ ነበር፤ ፊቱ ግን አፉን አይከተልም። ከጓደኞቿ አንዱ ለአጃቢ ሹፌሮች ምን ብለን እንጻፍላቸው ብሎ ጠየቀና ስልኩን ኪሱ ከተተ። ሦስቱ ጠበቆች በደረጃው ሲወርዱ ምሳ የት ይሻላል እየተባባሉ ነበር።

ፀሎት አያቷን መስኮቱ ሥር ካለው አግዳሚ አስቀመጠቻቸው። አልተቆጣችም። ብትሰድባቸው፣ ብትጮህባቸው ይሻላቸው ነበር።

"እምዬ፣ ለምን አልነገርሽኝም?"

"አንቺስ ለምን አልነገርሽኝም? ክላሰሩን ከቁም ሣጥን ጀርባ የደበቅሽው ከማን ነው?"

"ከግፊትሽ።"

"እኔም ያን ቁጥር የሰጠሁት..." አሉና ተዉት። የዘለቀን ነገር ለፀሎት ነግረዋት አያውቁም። ልጅ እንዳትፈራ ብለው።

ፀሎት መዳፋቸውን ይዛ ሰዓታቸውን አየች። መድኃኒትሽን ወስደሻል ወይ አለቻቸው። አልወሰዱም ነበር፤ ክላሰሩን ያገኙት እሱን ሲፈልጉ አይደል። ከቦርሳዋ አንድ ፍሬ አወጣችላቸው። ይዛ ነው የምትዞረው ለካ። ያለ ውኃ ዋጧት።

ያን ጊዜ አንድ ጎልማሳ ሰው በኮሪደሩ መጣ፤ የአፈጻጸም ሠራተኛ ነው። ብብቱ ውስጥ ደብተር ይዟል። ከወገቡ ጎንበስ ብሎ ሰላም አላቸውና፣ ይቅርታ፣ ዛሬውኑ ተፈጽሞ ለችሎት ሪፖርት መደረግ ስላለበት ነው፣ የሚረከበው ኮምፒውተር የት ነው ያለው ብሎ ጠየቀ። ላንቻ ነው?

ፀሎት፣ እቤት ነው ያለው፣ ማታ ማታ ስለምሠራበት አለች።

"ቤቱስ? ሰፈሩንና ቁጥሩን ቢነግሩኝ።"

ፀሎት አፏን ከፈተች፤ ድምፅ አልወጣትም። ሁለት ጊዜ ሞከረች። ሰውየው ብዕሩን ወረቀቱ ላይ አስደግፎ በትዕግሥት ጠበቀ፤ ሊካሳም፣ ጓደኞቿም ቆመው ጠበቁ። ከዚያ ቀስ በቀስ፣ ማንም ማንንም ሳይጠራ፣ ሁሉም ዓይን ወደ አግዳሚው ዞረ።

ወይዘሮ የሺሃረግ ደብተሩን አዩት። ይኸኛው ሰማያዊ ነው።

"ቄራ" አሉ። "ከሥጋ ቤቶቹ አልፎ ሁለተኛው ቅያስ። ቁጥር ሰባት መቶ ሁለት።" ሰውየው ሲጽፍ አዩትና ደገሙለት፤ ሰባት፣ ዜሮ፣ ሁለት። "በሩ ነጭ ነው። የቤቱ ቁልፍ ይኸው።"

ከአንገታቸው ፈትተው ሰጡት። ሰውየው ተቀበላቸውና ከሱ በፊት እንደመጡት ሁለት ባለ ደብተሮች ሁሉ በትሕትና አመሰገናቸው።